ቀይ ክር ያሰሩ ጅግራዎች

ወሊድ፣ ሞት፣ መግባት፣ መውጣት፣ አራት ናቸው፣ አራት ብቻ፣ ዐርዋ እጇን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና በጣቶቿ ትቆጥራቸዋለች፣ የአንድ ዝርያ ቁጥር የሚጨምረው በሚወለደውና ከሌላ ቦታ በሚገባው ነው፣ የሚቀንሰው በሚሞተውና ጥሎ በሚወጣው፣ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ ትመልሰዋለች፣ ታዲያ ደጋግማ መቁጠሩ ለምን አስፈለጋት። አይዞሽ። ማነው አይዞሽ የሚላት፣ ራሷ ናት፣ ራሷን ደግሞ ዛሬ አታምናትም።

የክልሉ ተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ነው፣ መድረኩ ላይ የፓዌ ልጆች ናቸው፣ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራሉ፣ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀበለዋል፣ ያጠኑት ምስጥ ነው፣ ስንት ኩይሳ በስንት ሄክታር፣ ብልጦች፣ ኩይሳ አይሮጥም፣ ኩይሳ አይበርም፣ ኩይሳን ስለት ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው የለም። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ገና ብቅ ሲል ትረግጠዋለች። ተመልሶ ይመጣል። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ይዞራል እንጂ አየር የለውም፣ የሚያዝያ ሙቀት አዳራሹን ሞልቶታል፣ ቀሚሷ ከፕላስቲክ ወንበሩ ጋር ተጣብቋል፣ ከሦስቱ ዳኞች መሀል የተቀመጠችው ዶክተር ሕብረት ናት፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ቁጡ አይደለችም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው፣ ፈገግ ብላ ነው የምትጠይቀው፣ የባምባሲዋን ሀዊን ፈገግ ብላ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፣ ሀዊ ዐይኗን እየጠረገች ወረደች።

ቀጥሎ እነሱ ናቸው።

እነሱ ማለት እሷና ሰራዊት፣ አጠገቧ ተቀምጧል፣ የተጠቀለለውን ፖስተር እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፎ፣ አንድ ክፍል ናቸው፣ አሥራ አንደኛ፣ እሱ የሰፈራው አምባ ልጅ ነው፣ አያቱን በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሯቸው፣ እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የበርታ መንደር፣ የባዮሎጂ መምህራቸው መምህር ቀጄላ ሁለታችሁ አብራችሁ ሥሩ ያላቸው ቀን እሺም አላሉ እምቢም አላሉ፣ አሁን ግን ሰራዊት ያለሷ ጫካ አይገባም፣ እሷም ያለሱ ሒሳብ አትነካም፣ ካሸነፉ አዲስ አበባ ነው፣ አገር አቀፉ ውድድር፣ ሰራዊት ለአምባው ሁሉ አውርቷል፣ እናቱ እትዬ የሺሀረግ ከአሁኑ ጫማ ገዝተውለታል፣ ጫማው ይኸው እግሩ ላይ ነው፣ ይጠበዋል፣ እየጠበበውም ይስቃል። ለዚህ ልጅ እንዴት ብላ ትነግረዋለች።

ቁጥሩ ውሸት ነው።

አለችው እንግዲህ፣ ለራሷም ቢሆን አለችው፣ ፖስተሩ ላይ በቀይ ማርከር ዘጠኝ መቶ ሃያ ጅግራ ተብሎ የተጻፈው ውሸት ነው፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ያወቀችው ዛሬ ጠዋት በር ላይ ነው፣ ባታውቀው ምን ነበረበት፣ አጎቷ ሐምዳን ዛሬ ቢያመው፣ ሚኒባስ ቢያጣ፣ አስተግፊሩላህ፣ ምን እያለች ነው፣ የእናቷ ወንድም ነው፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ደብተር የሚገዛላት፣ ጅግራ እያጠመደ የሚኖር፣ እሷን ለማየት ብሎ ለዒድ ብቻ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጣቂያ ቆቡን ደፍቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ሰራዊትን በአማርኛ ሰላም አለው፣ ዐርዋ ጎበዝ ነው፣ አንተም ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ያሸንፋል አለው፣ ሰራዊት በሳቅ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠለት፣ ከዚያ አጎቷ ወደ እሷ ዞሮ በበርታኛ ያለውን አለ።

አይዞሽ ልጄ፣ ነዝርሽን ጠብቄልሻለሁ፣ ክር ካሰርሽላቸው አንድም አልነካሁም፣ ወጥመዴ ሲገቡ እየፈታሁ እለቃቸዋለሁ፣ ሌሎቹንም አስጠንቅቄያቸዋለሁ፣ የዐርዋ ነዝር ናቸው ብዬ፣ ያኔ አንዱ ሰውዬ ሳይሰማ ሁለቱን አምጥቶብሽ ነበር፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ ዛሬ ብቻ አሸንፊ፣ ነዝሩ ነገውኑ ይደርሳል፣ እኔው ይዤ አርዳቸዋለሁ፣ መንደሩ ሁሉ ይበላል። ከዚያ እየሳቀ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፣ ያን ግን አልሰማችውም፣ ጆሮዋ ጭው ብሎ ነበር። ምን አለሽ አላት ሰራዊት። በርቺ አለኝ አለችው።

በርቺ አለኝ። እንዴት ቶሎ መጣላት። ውሸት እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣላት ሰው ናት ማለት ነው።

ነዝር፣ ስለት፣ በነሱ ቤት ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲመኝ፣ የታመመ እንዲድን፣ የሄደ እንዲመለስ፣ አንድ ፍየል ይመርጥና አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያስርለታል፣ ያንን ፍየል ማንም አይነካውም፣ የተመኙት የደረሰ ቀን ይታረዳል፣ ወንድሟ ሙዳሲር ግድቡ ጋ ሥራ ፍለጋ ጉባ ሲወርድ እናቷ ያሰረችለት ፍየል የጎረቤቱን ባሚያ ሁሉ ጋጠው፣ ማን ደፍሮ እሽ ይበለው፣ ክሩ እያለ፣ እየተንጎራደደ ነበር የሚግጠው። ይህን እያወቀች። እያወቀች ነው ቀይ ክር ያለችው፣ ሰራዊት የጥፍር ቀለም እንቀባቸው ብሎ ነበር፣ እሷ ናት ቀለም ይለቃል፣ ክር ይሻላል፣ ቀይ ይሁን፣ ከሩቅ ይታያል ብላ የተከራከረችው፣ ቀዩን ክር ከእናቷ የስፌት ሣጥን ነው ያመጣችው፣ በትምህርት ቤት ጭንቅላቷ ስታስብ የቤቷን ጭንቅላት ቤት ጥላው ሄዳለች፣ ደግሞ ፍየል እንጂ ጅግራ፣ አንገት እንጂ እግር፣ ማን ጠርጥሮ።

አጎቷ ጠረጠረ። የእህቱ ልጅ ፈተና አለባት፣ የእህቱ ልጅ አርባ ጅግራ ይዛ በእያንዳንዱ እግር ላይ ቀይ ክር አስራ ወደ ቀርከሃው ጫካ ለቀቀች፣ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል። ቆጠራ ነው ብላዋለች፣ አዎ ብላዋለች፣ ግን ጫካ ውስጥ ያለን አውሬ ማን ይቆጥራል፣ ቆጠራ ነው ስትለው ሣቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰው ስለቱን በግልጽ አይናገርም ብሎ ነዋ።

መምህር ቀጄላ ቦሎቄ ነበር ያመጣላቸው፣ በሳፋ፣ ድምፁ አሁንም ይሰማታል፣ አንድ እፍኝ ዝገኑ፣ በብዕር ምልክት አድርጉበት፣ መልሳችሁ አደባልቁት፣ እንደገና ዝገኑ፣ በሁለተኛው እፍኝ ምልክት ያለው ብዙ ከመጣ ሳፋው ውስጥ ያለው ቦሎቄ ጥቂት ነው፣ ምልክት ያለው ጥቂት ከመጣ ቦሎቄው ብዙ ነው፣ ገባችሁ፣ ገብቶናል፣ ግን አንድ ሕግ አለ ልጆች፣ ምልክት ያለውም የሌለውም እኩል የመያዝ ዕድል ይኑረው፣ እጃችሁ ምልክት ያለውን እየመረጠ የሚያልፍ ከሆነ የምታገኙት ቁጥር ቁጥር አይደለም። እጃቸው ግን መርጦ አልፏል። የአጎቷ እጅ። አርባ አስረው ለቀቁ፣ በጥር ፈተና ስለነበረባቸው ሁለተኛውን ዙር ለአጥማጆቹ ተዉት፣ የያዛችሁትን ሁሉ አሳዩን ብለው፣ አርባ ስድስት መጣ፣ ክር ያለበት ሁለት፣ ሁለት ብቻ፣ ሰራዊት ደምሮ አባዝቶ አካፍሎ ብድግ አለ፣ አንች ልጅ፣ ጫካው ጅግራ በጅግራ ነው እኮ አላት፣ እሷም አብራው ዘለለች።

ጭብጨባ። ምን ሆነ። ፓዌዎቹ ጨረሱ።

ትነግረዋለች፣ አሁን ትነግረዋለች፣ ሰራዊት ስማኝ፣ አፏን ትከፍታለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ትዘጋዋለች፣ የምትፈራው ጫማውን አይደለም፣ አዲስ አበባንም አይደለም፣ የምትፈራው አንዲት ቃል ነች፣ የእናንተ ሰዎች፣ የእናንተ ሰዎች አበላሹት ቢላትስ፣ ብሏት አያውቅም፣ አንድም ቀን፣ ግን ክልሉ በተረበሸበት በዚያ ክፉ ሰሞን እነ ሰራዊት አምባው ውስጥ በር ዘግተው ሲያድሩ እነ ዐርዋም መንደራቸው ውስጥ በር ዘግተው ነበር የሚያድሩት፣ ሁለቱም ቤት ማን ማንን እንደሚፈራ ሳያውቅ፣ ያ ፍርሃት የት ይሄዳል፣ መምህር ቀጄላ የመሸከም አቅም የሚባለውን ያስተማራቸው ቀን ታየ፣ አንድ መሬት የሚችለው ልክ አለው፣ ከዚያ ካለፈ ወይ ይሞታል ወይ ይወጣል ሲል ሰራዊት አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ፣ እሷም እንዳየችው እንዳያውቅ መስኮቱን አየች፣ ስለ አይጥና ስለ ሣር ነበር ትምህርቱ፣ መግባት የሱ አያት፣ መውጣት የሷ ወንድም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸው ለሌላቸው ይጠነቀቃሉ። ይህን ጥንቃቄ ነው እንዳትሰብረው የምትፈራው።

ዝም ብትልስ። ዝም ማለት ምን ያጎድላል፣ ጅግራ አይከሳትም፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ ብሎ ሰራዊት ይናገር፣ ዋንጫቸውን ይውሰዱ፣ ማን ጫካ ገብቶ ይቆጥራል። አንድ ሰው ይገባል። ከፊት ረድፍ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልያዘችውም፣ ጠዋት ፖስተሩን ዘርግተው ሲያስተካክሉ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ይሄን ያህል ካለማ ወጣቱን አደራጅቶ ለሆቴል ማስያዝ ነው አለ፣ ጎበዞች፣ ሀብት ነው ያገኛችሁት አለ፣ ሰራዊት ፊቱ በራ። ሰውዬው ቀልዱን አልነበረም፣ ስልክ አውጥቶ ፎቶ አንስቷል።

እና ደግሞ ማሸነፍ፣ ያ አላህ፣ ማሸነፍን ረስታው፣ ካሸነፈች ነዝሩ ደረሰ፣ ነገ ቢላ ይሳላል፣ አርባዎቹ። እንግዲያው ነዝር አይደለም ብለሽ ንገሪው፣ እሺ ትነግረዋለች፣ ክር ነው እንጂ ነዝር አይደለም ትለዋለች፣ ነዝር ካልሆኑማ ተራ ጅግራ ናቸው፣ ዛሬ ማታውኑ ድስት ውስጥ ናቸው። በየትም ብትዞር ቢላ አለ።

የአሶሳዎቹ፣ ይላል ማይክራፎኑ። ዐርዋና ሰራዊት።

እግሯ ይነሳል፣ እሷ ሳታዘው፣ ደረጃው ይመጣል፣ ሰራዊት በጠበበው ጫማ ያነክሳል፣ ፖስተሩ ይዘረጋል፣ ቀዩ ቁጥር ከሩቅ ይታያል፣ ከሩቅ እንዲታይ ነው የጻፉት፣ ሰራዊት ጀምሯል፣ ያምራል፣ ሲናገር ያምራል፣ ቀርከሃው ጫካ፣ ወንዙ ዳር፣ አርባ ይዘን፣ ምልክት አድርገን፣ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ ከኋላ ረድፍ ነጭ ጀለቢያ ይታያታል፣ አጎቷ ቆሟል፣ ወንበር እያለ ቆሟል፣ አማርኛው ፈጥኖበት ግማሹን እየሳተው ፊቱ ግን ደስ ብሎታል፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ ይላል ሰራዊት፣ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ያጨበጭባል፣ አዳራሹ ይከተለዋል።

ዶክተር ሕብረት ፈገግ ትላለች። ለሰራዊት አይደለም። ዐርዋ፣ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ፣ ይህን ቁጥር ታምኚዋለሽ።

ታምኚዋለሽ። ስንት ነው አላለቻትም፣ እንዴት አገኛችሁት አላለቻትም፣ ማይክራፎኑ እጇ ላይ ነው፣ መቼ ተቀበለችው፣ በላብ ይንሸራተታል፣ አምነዋለሁ ማለት ነው፣ አንዲት ቃል ናት፣ ውሸት ደግሞ ቶሎ ይመጣላታል፣ ጠዋት አይታዋለች። ግን የሚመጣው ሌላ ነው፣ ጠዋት በር ላይ ጆሮዋ ጭው ሲል ያመለጣት የአጎቷ ቃል ነው የሚመጣው፣ ከነሳቁ፣ ለመያዝም አይቸግሩም፣ ሰሞኑን እንደሆነ ከነዝርሽ ሌላ ወጥመዴ የሚገባ ጠፍቷል። ከነዝርሽ ሌላ። ሳፋው፣ ቦሎቄው፣ በሁለተኛው እፍኝ ምልክት ያለው ብዙ ከመጣ፣ ሁሉም ምልክት ያለው ከሆነስ፣ ልጅ ሳለች ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቅሳት የጅግራ ጩኸት ነበር፣ እናቷ እስክትረግማቸው፣ ዘንድሮስ፣ ዘንድሮ የሚቀሰቅሳት የስልኳ ደወል ነው፣ ጫካው ዝም ካለ ሰንብቷል፣ ሰምታው ነበር፣ ዝምታውን ሰምታው ነበር፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ አሉ ብላ ከጆሮዋ ይልቅ ወረቀቱን አመነች።

አላምነውም።

ማን ተናገረ። እሷ ናት፣ ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ይመልስላታል፣ ሰራዊት ዞሮ ያያታል፣ ፊቱን ላለማየት ዳኞቹን እያየች ትናገራለች፣ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ይሰባበር፣ ቀይ ክር በኛ ቤት ስለት ነው፣ ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አጥማጆቹ ስለት ነው ብለው ክር ያለበትን ሁሉ ለቀውታል፣ እኛ የቆጠርነው የቀረውን ነው፣ ሰራዊት አያውቅም፣ እኔም ያወቅሁት ዛሬ ነው፣ እየፈራሁ ነው የምናገረው። የመጨረሻዋን ልትላት አልነበረም፣ አብራ ወጣች። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

ታዲያ ስንት ይሆናሉ ትላለች ዶክተር ሕብረት፣ ፈገግታዋ የለም አሁን፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላለች።

ዐርዋ ማይክራፎኑን እንደያዘች በሰው ሁሉ ፊት በበርታኛ ወደ ኋላ ትጣራለች፣ አጎቴ፣ ክር የሌለው ጅግራ ለመጨረሻ ጊዜ የያዝከው መቼ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል። ሐምዳን እንደዚህ ያለ ጥያቄ በዚህ ቦታ ይቀርብልኛል ብሎ አልጠበቀም፣ ይስቃል፣ ጣቂያውን ያስተካክላል፣ አፉን ይከፍታል፣ ያስባል፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ሲደርቅ ታየዋለች፣ ከዚያ ለአዳራሹ ብሎ በአማርኛ ይመልሳል፣ በቀስታ፣ ከዒድ ወዲህ የለም፣ ሁሉም ክር ነው፣ ሌላ የለም።

ዶክተር ሕብረት ትጽፋለች።

አሁን ይላታል፣ አሁን ሰራዊት ቃሏን ይናገራታል፣ የእናንተ ሰዎች፣ ትጠብቃለች፣ ትከሻዋ ተኮማትሮ፣ በትር እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሰራዊት ግን ወደ ፖስተሩ ይሄዳል፣ እያነከሰ፣ መዳፉን ቀዩ ቁጥር ላይ ያደርገዋል፣ እንዳይታይ፣ ሒሳብ ሲሠራ እንደሚያደርገው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እንግዲያው ያሉት ያሰርናቸው ናቸው ይላል፣ ለሷ ነው የሚላት፣ ማይክ የለውም፣ ክሩ ባይኖር እነሱም አልቀው ነበር፣ አንች ነሽ ያተረፍሻቸው እኮ፣ እሽ። እሽ ይላል ደግሞ፣ እናቱ እሺን እንደሚሉት፣ ማንም ሳይጠይቀው። የተበላሸው ቆጠራ ነው ያተረፋቸው፣ የአጎቷ ፍቅር፣ ማንም ያላሰበው፣ ዕንባዋ ይመጣል፣ ትውጠዋለች፣ ፍርሃቱ ግን አልወጣም፣ ያለበት ነው ያለው፣ እንዲያውም አሁን ነው የገባት፣ እስካሁን የምትፈራው ለራሷ ነበር፣ አሁን ለጅግራዎቹ ነው።

ዐርዋ፣ ይላታል አጎቷ ከኋላ፣ በበርታኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ማንም ሳይረዳው፣ ፊቱ ግራ ገብቶታል፣ ታዲያ ነዝሩስ፣ ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ምን ላድርጋቸው።

ይኸው መጣ። ነዝር አይደለም ካለችው ማታ፣ ደርሷል ካለችው ነገ፣ በነዝር መዋሸት ደግሞ ለአላህ መዋሸት ነው፣ ይህን ከሁሉ በላይ ትፈራለች። እንግዲያው መዋሸት የለም። እንግዲያው አሁን፣ እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትሳላለች፣ ከዛሬ ጀምሮ እውነት ይሆናል፣ ወደደችም ጠላችም ትሸከመዋለች፣ ማይክራፎኑን ወደ አፏ ታስጠጋለች።

አልደረሰም አጎቴ፣ ትለዋለች፣ ክር የሌላቸው ወጥመድህን እስኪሞሉት ነው የተሳልኩት።